ስለ ዴንሶ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና የነካ ሰው የዴንሶን ስም ሳያነብ አይቀርም። ካንዴላ ሲቀየር፣ ዲናሞ ሲወርድ፣ ራዲያተር ሲፈታ ቀዩ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ስለ ኩባንያው ታሪክ ግን በየጋራዡ የሚወራው አብዛኛው ግምት ነው። አንዱ "የቶዮታ ነው" ይላል። ሌላው "የቦሽ ቅርንጫፍ ነው" ይላል። "ተሸጧል እኮ" የሚልም አለ።

ከታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን በደንብ አብራርቻለሁ፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዴንሶ የቶዮታ ነው?

ቶዮታ ትልቁ ባለአክሲዮን ነው፤ ብቸኛው ባለቤት ግን አይደለም። የዴንሶ አክሲዮን ቶኪዮ ገበያ ላይ በይፋ ይሸጣል፣ ይገዛል። የቶዮታ ድርሻ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ኩባንያው ከሚሸጠው ዕቃ ግማሽ ያህሉ ወደ ቶዮታ ቤተሰብ ይሄዳል። የቀረውን ሆንዳ፣ ሱዙኪ፣ ሱባሩ፣ ፎርድ፣ ጄኔራል ሞተርስና ሌሎችም ይገዙታል። ስለዚህ ሆንዳ ውስጥ የዴንሶ ዕቃ ቢያገኙ "ሰው ቀይሮብኝ ነው" ብለው አይደንግጡ። ከፋብሪካው እንደዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ጃፓን፣ አይቺ ግዛት፣ ካሪያ ከተማ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ150,000 በላይ ሠራተኞች አሉት። በመኪና ዕቃ አምራችነት ከጀርመኑ ቦሽ ቀጥሎ ስሙ ከሚነሱት አንዱ ነው።

ከቶዮታ ለምን ተለየ?

ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ዴንሶ ከቶዮታ የወጣው አድጎ አይደለም፤ ሸክም ሆኖ ነው።

በ1949 ቶዮታ ዛሬ የምናውቀው ቶዮታ አልነበረም። ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት ጆሴፍ ዶጅ የሚባል የዲትሮይት የባንክ ሰው በአሜሪካ መንግሥት ተልኮ ቶኪዮ ገባ። ሥራው የጃፓንን ኢኮኖሚ መስመር ማስያዝ ነበር። የመንግሥት ወጪ ተቆረጠ። ብድር ጠበበ። አንድ ዶላር በ360 የን ተተመነ። የዋጋ ንረቱ ረገበ፤ ገንዘብም አብሮ ከገበያው ጠፋ። ቶዮታ የሸጣቸውን የጭነት መኪኖች ሒሳብ መሰብሰብ አቃተው። ደመወዝ መክፈል ፈተና ሆነበት።

መፍትሔ ተብሎ ከቀረበው አንዱ የማያተርፉትን ክፍሎች ገንጥሎ ማውጣት ነበር። ካሪያ የነበረው የኤሌክትሪክ ዕቃና የራዲያተር ክፍል ከነዚህ አንዱ ነው። ታኅሣሥ 16፣ 1949 ኒፖንዴንሶ በሚል ስም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቶራዎ ሃያሺ ነበሩ።

አሁን ቁጥሮቹን ይመልከቱ። የአዲሱ ኩባንያ ካፒታል 15 ሚሊዮን የን ነበር። ከቶዮታ ተሸክሞት የወጣው ዕዳ ደግሞ 140 ሚሊዮን የን። ጎጆ ሲያወጡት ዕዳ አስታቅፈው ነው ያወጡት። ከ1,400 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1950፣ ከ400 በላይ የሚሆኑትን ለማሰናበት ተገደደ። አዲስ ኩባንያ ተብሎ ብዙም ሳይሠሩ ከሥራ የወጡት ሰዎች ዛሬ ኩባንያው ዓለም ላይ ሲነግሥ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ስናገር እነሱን መዝለል አልወድም።

ቶዮታ ራሱም አልተረፈም። በ1950 ከባድ የሠራተኞች አድማ ተነሣ። መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ኃላፊነቱን ወስደው ከፕሬዚዳንትነት ለቀቁ። በዚያው ሰኔ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ማዘዝ ሲጀምር ቶዮታም፣ ዕቃ የሚያቀርቡለትም ነፍስ ዘሩ።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። የአዲሱ ኩባንያ ስም ውስጥ "ቶዮታ" የሚል ቃል የለም። "ኒፖን" ማለትም ጃፓን የሚል ነው ያለው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ መሸጥ ያሰበ ኩባንያ ስም ነው። በእኔ እምነት ዴንሶን ዴንሶ ያደረገው ይህ ምርጫ ነው።

እውነት መጀመሪያ ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሠራ ነበር?

አዎ። የኤሌክትሪክ መኪናም ሠርቷል። ሆድ ለመሙላት ያልሞከሩት አልነበረም። በ1950 "ዴንሶ ጎ" የተባለች በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠርተው ወደ 50 ያህል አምርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ በጃፓን እንዲህ ዓይነት መኪና የሚሠሩ ሌሎችም ነበሩ። ገበያው ብዙም አልቆየም። ማጠቢያ ማሽኑ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ጥሩ ገቢ አስገኝቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ነገር ለሚመስለው ሰው ይህቺን መኪና ሁሌም አነሣለሁ።

የቦሽ ቅርንጫፍ ነው የሚባለውስ?

አይደለም። ግን ወሬው ከሜዳ አልመጣም።

በ1953 ኒፖንዴንሶ ከጀርመኑ ሮበርት ቦሽ ኩባንያ ጋር የቴክኒክ ትብብር ውል ገባ። ቦሽ ያን ጊዜ በመኪና ኤሌክትሪክ የዓለም ቁንጮ ነበር። ጃፓኖቹ የአሠራር ፈቃድና ንድፍ አገኙ፣ ባለሙያዎቻቸውን ልከው አስተማሩ። ቦሽም በኒፖንዴንሶ ውስጥ አነስተኛ ድርሻ ያዘ፤ ድርሻውንም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይዞ ቆየ። "የቦሽ ነው" የሚለው ወሬ መነሻው ይህ ነው።

ተማሪው ግን ዝም ብሎ አልቀዳም። በ1954 የራሱን የወጣት ሙያተኞች ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1959 ካንዴላ ማምረት ጀመረ። በ1961 በጃፓን ለጥራት የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት፣ የዴሚንግን ሽልማት አገኘ። በ1968 ደግሞ ለመኪና የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የሚያጠና የራሱን ላቦራቶሪ አቋቋመ። በዚያን ዘመን መኪና ውስጥ ኮምፒውተር ይገባል ብሎ የሚያስብ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ሁለቱ ድርጅቶች በየአገሩ የሚፎካከሩ ናቸው።

"ኒፖንዴንሶ" እና "ዴንሶ" ይለያያሉ?

አንድ ናቸው። ስሙ በጥቅምት 1996 ዴንሶ ተብሎ አጠረ። አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ኮሮላ ላይ "ኒፖንዴንሶ" የሚል ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ ካገኙ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ጥቅልሉና ካርቦኑ ደህና ከሆነ፣ በርካሽ አዲስ ዕቃ ከመለወጥ ማስጠገን ይሻላል የሚሉ ኤሌትሪሺያኖች አሉ። እኔም እስማማለሁ።

ሣጥኑ ላይ "ኢንዶኔዢያ የተሠራ" ወይም "ታይላንድ የተሠራ" ይላል። ፎርጅድ ነው?

ለብቻው ምልክት አይሆንም። ዴንሶ ከጃፓን ውጭ መትከል የጀመረው ከ50 ዓመት በፊት ነው። በ1971 ሎስ አንጀለስ ላይ ቢሮ ከፈተ። በ1972 ታይላንድ፣ በ1975 ኢንዶኔዢያ ገባ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። ቶዮታ ራሱ በየአገሩ ሲገጣጥም ዴንሶ ከጎኑ ፋብሪካ ይተክላል።

ሶማሌ ተራ ላይ "የጃፓኑ ነው፣ የታይላንዱ ነው" እየተባለ የዋጋ ልዩነት ሲጠራ ይሰማሉ። የተሠራበት አገር ብቻውን ጥራትን አይወስንም። የሚወስነው ዕቃው በእርግጥ ከዴንሶ እጅ መውጣቱ ነው። ካንዴላ ከሆነ በእጅዎ ያዙት። የአንዳንዱ ኢሪዲየም ካንዴላ መሐል ጫፍ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። ጫፉ ወፍራም ሆኖ ሣጥኑ ግን የ0.4 ኢሪዲየም ነው የሚል ከሆነ፣ ወይም ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ከለቀቀ፣ ይመልሱት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ግማሽ ከሆነም እንዲሁ።

ኪውአር ኮድ የዴንሶ ፈጠራ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዴንሶ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ምዕራፍም ነው።

የቶዮታ አሠራር ዕቃ በተፈለገው ሰዓት፣ በተፈለገው መጠን ብቻ እንዲመጣ ይጠይቃል። እያንዳንዱ የዕቃ ሣጥን ካንባን የሚባል ካርድ ይዞ ይጓዛል። ካርዱ ላይ ባርኮድ አለ። ችግሩ ባርኮድ የሚይዘው 20 ገደማ ፊደልና ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዕቃው ዓይነት ሲበዛ አንድ ሣጥን ላይ በርካታ ባርኮድ መለጠፍ ግድ ሆነ። ሠራተኛው ቆሞ አንድ በአንድ ሲያስነብብ ይውላል። እጁ ይዝላል። ባርኮዱ ዘይት ከነካውም አይነበብም።

ማሳሂሮ ሃራ የሚባሉ መሐንዲስ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር መፍትሔ ፍለጋ ገቡ። ሃራ "ጎ" የሚባለውን በጥቁርና ነጭ ጠጠር የሚጫወቱትን የገበታ ጨዋታ ይወዳሉ። መረጃን በመስመር ከማስቀመጥ ይልቅ እንደ ጎ ገበታ በቁመትም በወርድም መደርደር የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት ሆነ ጥያቄው። ማንበቢያው ካሜራ ከብዙ ጽሑፍ መሐል ኮዱን ወዲያው እንዴት ይለይ? ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ካሬዎች ለዚህ ነው የተሠሩት። ግን ካሬ የሚመስል ሌላ ሥዕል በየወረቀቱ አለ። ስለዚህ ሃራና ጓዶቻቸው መጽሔቱን፣ የማስታወቂያ ወረቀቱን፣ የካርቶን ላይ ጽሑፉን ሁሉ እየሰበሰቡ ጥቁርና ነጩ በምን በምን ስፋት እንደሚፈራረቅ ለኩ። ከሁሉም ብዙም የማይገኘው 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 የሚለው ሆነ። ስልክዎን አውጥተው የትኛውንም ኪውአር ኮድ ይዩ። የማዕዘኑን ካሬ በመሐሉ ቢያቋርጡት ቀጭን ጥቁር፣ ቀጭን ነጭ፣ ሦስት እጥፍ ጥቁር፣ ቀጭን ነጭ፣ ቀጭን ጥቁር ነው። ካሜራው ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ይህን ቅደም ተከተል ያገኘዋል።

በ1994 ይፋ ሆነ። እስከ 7,089 አሃዝ ይይዛል። እንደ አሠራሩ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ እንኳ ሊነበብ ይችላል፤ ለፋብሪካ ዘይትና ቆሻሻ ታስቦ ነው። ዴንሶ የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ተጠቃሚውን አላስከፈለም፤ ደረጃውን የጠበቀ ኮድ ማንም እንዲጠቀም ፈቀደ። በ2000 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ይህ ለጋስነት ባይኖር ኮዱ ከካሪያ ፋብሪካዎች አይወጣም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ በቴሌብር ሲከፍሉ የሚያነሡት፣ ፋይዳ ካርድ ላይ ያለው፣ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሜኑ ሆኖ የተለጠፈው ኮድ ዝርያው ይኸው ነው።

የዲዝል መኪኖቻችን ኢንጀክተር ዴንሶ የሆነው ለምንድን ነው?

ኮመን ሬይል የሚባለውን የዲዝል አሠራር በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ለጭነት መኪና በገበያ ላይ ያዋለው ዴንሶ ስለሆነ ነው። መኪናው የጃፓኑ ሂኖ ነበር። ቦሽ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1997 ለቤት መኪና አቀረበው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ድሮ ፓምፓው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በየተራ ይገፋ ነበር። ኮመን ሬይል ላይ ግን ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከባድ ግፊት ታምቆ ይቆያል። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ኮምፒውተሩ የፈቀደው፣ በፈቀደው ቅጽበት ይከፈታል። በ2013 ዴንሶ ግፊቱን 2,500 ባር አድርሶታል። በየመንገዱ የምናያቸው ዲ ፎር ዲ ሃይሉክሶች የዚህ ቴክኖሎጂ ልጆች ናቸው። ኢንጀክተሩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከፀጉር ብዙም አይሰፉም። ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ አይምራቸውም። የናፍጣ ፊልትሮ ላይ ገንዘብ ቆጥቦ ኢንጀክተር መቀየር ኪሳራ ነው። እባክዎ ፊልትሮውን በጊዜው ይለውጡ።

አይሲን እና ዴንሶ አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ አይደሉም። አይሲን ሴይኪ በ1965 ሁለት ኩባንያዎች ተዋሕደው የተፈጠረ ነው። እሱም ካሪያ ነው ያለው፣ እሱም በቶዮታ ቡድን ውስጥ ነው። አይሲን በአውቶማቲክ ካምቢዮና በፍሪሲዮን ይታወቃል። ዴንሶ በኤሌክትሪክ፣ በነዳጅና በማቀዝቀዣ።

በአሜሪካ ተቀጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን አድርጎ?

ከተፎካካሪዎቹ ጋር ዋጋ ተማክሮ። ይህን ማለዘብ አይገባም።

በጥር 2012 ዴንሶ በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ፊት ጥፋተኛነቱን አምኖ 78 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጉዳዩ የመኪና ኮምፒውተርና የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ፓነል ጨረታዎችን የሚመለከት ነበር። አምራቾቹ ተሰብስበው "ይሄን ደንበኛ አንተ፣ ያንን እኔ" እየተባባሉ ዋጋ ይቆርጡ ነበር። በዚያው ቀን ያዛኪ የተባለው የኤሌክትሪክ ሽቦ አምራች 470 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ምርመራው ሲያልቅ ከ40 በላይ ኩባንያዎች ተነክተዋል። ዘብጥያ የወረዱ ኃላፊዎችም አሉ፤ ከዴንሶም ጭምር።

ጥራት ያለው ዕቃ መሥራት ገዢን ከመበዝበዝ ነፃ አያወጣም። የዚያ ምክክር ዋጋ በመጨረሻ የወጣው ከመኪና ገዢው ኪስ ነው።

የነዳጅ ፓምፓው ጉዳይስ? የእኔን መኪና ይመለከታል?

ሊመለከት ይችላል። በ2020 ቶዮታ፣ ቀጥሎም ሆንዳና ሌሎች፣ በዴንሶ ፓምፓ ምክንያት መኪኖችን ለጥገና መጥራት ጀመሩ። ቁጥሩ ወደ ሚሊዮኖች ገባ። ጥፋቱ ያለው ታንከር ውስጥ በሚቀመጠው ፓምፓ ውስጥ ካለች ትንሽ የፕላስቲክ መዘውር ላይ ነው። የአንዳንዶቹ ፕላስቲክ በቂ ጥግግት የለውም። ነዳጅ ይመጥና ያብጣል። ሲያብጥ ከፓምፓው ግድግዳ ጋር ይፋጫል። ፓምፓው ሲቆም ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል። በፈጣን መንገድ ላይ ይህ የሞት አደጋ ነው።

በብዛት የተነኩት ከ2013 እስከ 2020 ገደማ የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ መለያ በትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ጥገናው ነፃ ነው። ችግሩ ያገለገለ መኪና ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ገዝቶ አዲስ አበባ ያስገባ ሰው ጋ ነው። የጥሪ ደብዳቤው የሚሄደው ለቀድሞው ባለቤት ነው። ስለዚህ ራስዎ ያጣሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የመኪናው አስመጪ ወኪል ጋ መጠየቅም ይቻላል።

ካንዴላው ለኤንጂኬ ተሸጠ የሚባለው እውነት ነው?

ዴንሶ ራሱ አልተሸጠም። የካንዴላና የኦክስጅን ሴንሰር ሥራውን ግን እያስረከበ ነው። በ2023 ሁለቱ ድርጅቶች መነጋገር መጀመራቸውን አሳወቁ፤ በ2025 ስምምነት ተፈራረሙ። ተረካቢው ኒቴራ ይባላል። በኤንጂኬ ካንዴላ የምናውቀው ድርጅት ነው፤ ስሙን በ2023 ለወጠ። ከዚያም በፊት ዴንሶ የነዳጅ ፓምፕ ሥራውን አይሳን ለተባለ ሌላ የቶዮታ ቤተሰብ ኩባንያ አስተላልፏል።

ለመካኒኮች አንድ ጠቃሚ ነገር። ሁለቱ ካንዴላዎች የሙቀት ደረጃ የሚቆጥሩት በተለያየ ቁጥር ነው። የዴንሶ 16 ከኤንጂኬ 5 ጋር፣ 20 ከ6 ጋር፣ 22 ከ7 ጋር ይመጣጠናል። ኤስኬ 20 አር 11 የሚለውን ብናይ 20 የሙቀት ደረጃው፣ አር የሬዲዮ ጩኸት መከላከያ፣ 11 ደግሞ የ1.1 ሚሊሜትር ክፍተት ነው።

ለምን ያስረክባል? ካንዴላ አያዋጣም እንዴ?

ያዋጣል። ግን የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ዴንሶ ገንዘቡንና መሐንዲሶቹን ወደ ሌላ ቦታ እያዞረ ነው። የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር አንዱ ነው። ከአይሲን ጋር ብሉ ኔክሰስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው፣ ቶዮታም ኋላ ገብቶበት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ያቀርባሉ። በ2022 የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ጃፓን ኩማሞቶ ላይ በሚሠራው የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ድርሻ ለመያዝ ወሰነ። በ2023 ሲሊኮን ካርባይድ የሚባለውን የቺፕ ጥሬ ዕቃ በሚያመርት የአሜሪካው ኮሄረንት ክፍል ውስጥ 500 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። በ1968 ያቺን የቺፕ ላቦራቶሪ ባይከፍት ኖሮ ዛሬ ለዚህ አይበቃም ነበር።

ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክላለች። የዴንሶ ዕቃ ከገበያ ይጠፋ ይሆን?

ቶሎ አይጠፋም። ክልከላው የመጣው በ2024 ነው። ከዚያ በፊት የገቡት ቪትዞች፣ ኮሮላዎች፣ ዶልፊኖችና ሃይሉክሶች ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ናቸው። ካንዴላ፣ ዲናሞና ኢንጀክተር ይፈልጋሉ።

በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ኤሲው ኮምፕረሰር አለው፤ ኮምፕረሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በባትሪ ይዞራል። ባትሪውና ኢንቨርተሩም ካልቀዘቀዙ ስለማይሠሩ ራዲያተር አለ። ልዩነቱ የቮልቴጁ መጠን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር ላይ የሚመጣው ብርቱካናማ ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል፤ ሰው ይገድላል። እስካሁን በ12 ቮልት ሲሠራ የኖረ ኤሌትሪሺያን ሥልጠና ሳይወስድና ትክክለኛውን ጓንት ሳያደርግ ይህን ገመድ መንካት የለበትም።